ልጄ ዝም ያለችበት ዓመት

እንደ እኔ ቀን በሥራ ገበታችሁ ላይ ውላችሁ ማታ የልጆቻችሁን ደብተር የምታገላብጡ እናቶች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ በራሴ ቤት ስለደረሰ ነገር ነው። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ፤ ጥፋተኛዋ እኔው ራሴ ነኝና አፍሬያለሁ። ይሁን እንጂ ያንኑ ጥፋት ለልጅ ከማሰብ የተነሣ የሚፈጽሙ ወላጆች በየሰፈሩ ስለማይጠፉ፣ ከእኔ ስሕተት ሌላው ይማርበት ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር በመሆኑ ከወሩ ግማሹን የሚያሳልፈው በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ቤት ውስጥ የምንገኘው እናቴ፣ እኔና ልጄ ነን። ልጄን ሁላችንም ሚጡ እያልን እንጠራታለን። ሚጡ እስከ 6ኛ ክፍል በሰፈራችን በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስትማር ደረጃዋ ከአምስተኛ ወርዶ አያውቅም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የዋለችበትን ሁሉ የምትተርክ ልጅ ነበረች። እናቴ «ይህቺ ልጅ ጋዜጠኛ ትሆናለች» ትል ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም 7ኛ ክፍል ገባች። እንደምታውቁት በአዲስ አበባ በአማርኛ የሚማሩ ልጆች 7ኛ ክፍል ሲደርሱ የማስተማሪያው ቋንቋ ይለወጣል። ሒሳቡ፣ ሳይንሱ፣ ኅብረተሰብ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እስከዚያ እንግሊዝኛን የሚያውቁት በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ እንደሚሰጥ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ከክረምቱ ዕረፍት ሲመለሱ ግን ትምህርቱን ሁሉ ተሸክሞ ይጠብቃቸዋል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ በየካቲት ወር መጣ። ሳይንስ 41፣ ሒሳብ 46፣ ኅብረተሰብ 44፤ አማርኛ ግን 88። ከ52 ተማሪዎች 37ኛ ወጥታለች። ካርዱን አየሁና ደሜ ፈላ። «ሰነፍሽ፤ ስልክ ላይ ተተክለሽ እየዋልሽ ነው» ብዬ ጮኽሁባት። እሷ አልመለሰችልኝም። 88ቱን ቁጥር ዓይኔ አይቶታል፤ ልቤ ግን አላየውም ነበር።

ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ መድኃኒቱን ያገኘሁ መሰለኝ። ችግሩ እንግሊዝኛ ከሆነ ቤቱን እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ማድረግ ነው አልኩ። በመሥሪያ ቤታችን ልጆቿን በውድ ክፍያ የምታስተምር አንዲት ባልደረባዬ፣ በቤቷ አማርኛ የሚናገር ልጅ እንደሚቀጣ ስትነግረኝ ሰምቼ ነበርና እኔም ያንኑ ደነገግሁ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በቤታችን አማርኛ ተከለከለ። አንድ የቡና ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ሚጡ አማርኛ በተናገረች ቁጥር ከኪስ ገንዘቧ አንድ ብር እዚያ ትጨምራለች። የአያቷ ጉዳይ ሲነሣ «ከእሷ ጋር በምልክት ተነጋገሪ» ብዬ ሳቅሁ። ዛሬ ያንን ሳቄን ሳስታውስ ይቆጨኛል።

የራሴ እንግሊዝኛ ምን ያህል ነው ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አያልፍም። «ብይ»፣ «ተኚ»፣ «አጥኚ» ለማለት ይበቃኛል። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የሆዷን እንድትነግረኝ ለማድረግ ግን አይበቃም። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቆርቆሮው ውስጥ 14 ብር ገባ። በሁለተኛው ሳምንት 5 ብር። በሦስተኛው ሳምንት ምንም አልገባም። እኔም ዘዴዬ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ሚጡ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆና አልነበረም፤ መናገር አቁማ ነበር። እራት ላይ አንገቷን ደፍታ ትበላለች፤ «የስ» ወይም «ኖ» ብላ ትነሣለች። እናቴ ጎንዋ ስትቀመጥ እንኳ ዓይኗ ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል። ጥናት ይዛለች እያልኩ እኔ በረጋ መንፈስ ልብስ አጥብ ነበር።

በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ ማታ ወጥ ስሠራ ሚጡ ወደ ማድ ቤት መጣችና ከኋላዬ ቆመች። «ማሚ» አለች፤ ቀጥላም በአማርኛ አንድ ነገር ልትናገር ጀመረች። እኔ ፊቴን ሳላዞር «በእንግሊዝኛ!» አልኳት። ትንሽ ቆመች። ከዚያ «ናቲንግ» ብላ ተመልሳ ሄደች። በማግሥቱ ራሴን ያመኛል ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ሐሙስም ቀረች። ዓርብም ቀረች። እኔ ፈተና ሸሽታ ነው ብዬ ገመትኩ።

ዓርብ ማታ ከሥራ ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ተለዋውጧል። «አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት እናት ሆነሻል?» አለችኝ። ለካስ ልጄ የመጀመሪያ የወር አበባዋ መጥቶባት ነበር። ማክሰኞ ማታ ማድ ቤት የመጣችው ያንን ልትነግረኝ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የአሮጌ ልብስ ቁራጭ እየቀደደች፣ አልጋዋ ውስጥ ተሸሽጋ፣ የምትሞት እየመሰላት ኖራለች። አያቷ አንሶላ ስትቀይር ነው ነገሩን የደረሰችበት።

ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት አንገቷን እንደደፋች «በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አላወቅሁም» አለችኝ። እህቶቼ፣ ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም። እኔ ሴት ሆኜ፣ እናት ሆኜ፣ ልጄ በዚያች ሰዓት የምትፈልገኝን ቋንቋ ከአፏ ነጥቄ በቆርቆሮ ውስጥ ከትቼው ነበር። ያን ማታ ቆርቆሮውን አወረድኩት። ገንዘቧንም መለስኩላት።

ሰኞ ዕለት ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የሳይንስ መምህሯ ጎልማሳ፣ ትሑት ሰው ናቸው። የሚጡን የፈተና ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። ተክሎች ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ እንድታስረዳ በእንግሊዝኛ ለቀረበላት ጥያቄ መልሱ ባዶ ነበር። መምህሩ ሚጡን አስጠሩና ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ጠየቋት። ልጄ ከብዙ ሳምንት በኋላ አፏን ከፈተች። «ሥሩ ከአፈር ውሃ ይስባል፤ ቅጠሉ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ሁለቱን አዋሕዶ ምግብ ይሠራል፤ ኦክስጅን ያወጣል። ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል» አለች። መምህሩ ወደ እኔ ዞረው «እናት፣ እንዳዩት ልጅዎ ሳይንሱን ታውቃለች። ያላወቀችው የተጠየቀችውን ነው» አሉኝ።

ቀጥለውም የራሳቸውን ችግር አጫወቱኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ካስተማሩ ክፍሉ ያፈጥባቸዋል። ስለዚህ በአማርኛ ያስረዱና ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ልጆቹ ማስታወሻውን ይገለብጡታል፤ የተረዱትንና የገለበጡትን የሚያገናኝላቸው ግን የለም። «እኔም ብሆን እንግሊዝኛን የተማርኩት እንደ እነሱ በክፍል ውስጥ ነው» አሉ መምህሩ።

ወደ ቤት ስመለስ የራሴ 7ኛ ክፍል ትዝ አለኝ። እኔ 7ኛ ክፍል የገባሁት በ1981 ዓ.ም ነው። በዚያን ጊዜም እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነበር የምንማረው። የሳይንስ ትርጓሜዎችን በሌሊት ኩራዝ ሸምድጄ በፈተና ላይ ነጠብጣቡ ሳይቀር እገለብጥ ነበር። ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣ ግን መልስ አልነበረኝም። በ12ኛ ክፍል የወደቅሁበትን ምክንያት ለ30 ዓመት ስንፍና ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ልጄንም «ሰነፍሽ» ያልኳት በዚያው ሚዛን ነው።

ነገሩ በአንድ ዘመን ብቻ የመጣ አይደለም። በ1900 ዓ.ም የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋዎችን የማስተማር ዓላማ ነበረው፤ ከጠላት ወረራ በፊትም ፈረንሳይኛ ከፍ ያለ ቦታ ነበረው። ከ1933 ዓ.ም የነጻነት መመለስ በኋላ እንግሊዝኛ ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1950ዎቹ ዓመታት አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ ከ7ኛ ክፍል በላይ ያለው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ክልሎች እስከ 8ኛ ክፍል በልጆቹ ቋንቋ ሲያስተምሩ፣ አዲስ አበባ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረች። በ1997 ዓ.ም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ያለው፣ ሲጀመር ታናሽ ወንድሜ 9ኛ ክፍል ነበር። «ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስንፈታ እሱ ምዕራፉን ይጨርሳል» ይለን ነበር።

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ደንግጠናል። ይህ ሁሉ የእንግሊዝኛ ጦስ ነው ብዬ አልደመድምም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ፈተናው የተጻፈው በእንግሊዝኛ እንደ መሆኑ መጠን፣ ከወደቁት መካከል ስንቱ ትምህርቱን ሳያውቅ፣ ስንቱ ደግሞ እንደ ሚጡ ጥያቄውን ሳያውቅ ቀረ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ያን ሰሞን በዋሽንግተን ከተማ ለምትኖረው እህቴ ደውዬ የሆነውን ነገርኳት። እሷ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የምትተዳደር እናት ናት። ልጇ ወደዚያ ሲሄድ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም ነበር። የነገረችኝ ነገር አስገረመኝ። ልጁን ስታስመዘግብ በመጀመሪያ የተሰጣት ቅጽ «በቤታችሁ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድነው?» የሚል ነበር። አማርኛ ብላ ስትሞላ ልጁ የእንግሊዝኛ ችሎታውን ተፈተነ። ከዚያም እንግሊዝኛን ለአዲስ ተማሪዎች ለማስተማር የሠለጠነች መምህርት ተመደበችለት። ከዚያ በኋላ ችሎታው በየዓመቱ ይመዘናል። እህቴ ለስብሰባ ስትጠራ አስተርጓሚ ይቀርብላታል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። «መምህርቷ በቤት አማርኛውን አትተይበት፤ የሚያውቀውን ቋንቋ ካጠናከረ አዲሱን ቶሎ ይይዛል አለችኝ» ስትል፣ እኔ መደርደሪያው ላይ የነበረውን ቆርቆሮ አስታውሼ ዝም አልኩ።

ይህ መብት በችሮታ የተገኘ አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቻይንኛ ተናጋሪ የሆኑና እንግሊዝኛ የማያውቁ 1,800 ያህል ተማሪዎች ያለ ምንም ልዩ እርዳታ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ወላጆቻቸው ተሟገቱ። ትምህርት ቤቱ «ያው መጽሐፍ፣ ያው መምህር፣ ያው ክፍል ሰጥተናቸዋል፤ አላዳላንም» የሚል መልስ ነበረው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1974 በሙሉ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረደ። የሚማርበትን ቋንቋ ለማያውቅ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ መስጠት እኩልነት አይደለም የሚል ነው የፍርዱ ፍሬ ነገር። ላው እና ኒኮልስ በመባል የሚታወቀው ይህ ፍርድ በዚያ አገር ለሚገኙ የእንግሊዝኛ ጀማሪ ተማሪዎች ሁሉ በር ከፈተ።

እርግጥ እዚያም ሁሉ ነገር የተሟላ ነው ማለቴ አይደለም። እህቴ እዚያው የወለደቻት ትንሿ ልጇ ከእናቴ ጋር በስልክ ስትገናኝ ከ«ሰላም ነሽ» ወዲያ የምትለው የላትም። አያትና የልጅ ልጅ ስልኩን ይዘው ይሳሳቃሉ፤ መነጋገር ግን አልቻሉም። እህቴም የምታለቅሰው በዚህ ነው።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አስተውሉ። እዚያ እንግሊዝኛ የማያውቀው ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ጥቂት ነው። ከደወሉ በኋላ መንገዱም፣ ጨዋታውም፣ ሱቁም በእንግሊዝኛ ነው። እንዲያም ሆኖ ልዩ መምህር፣ ልዩ ፈተና፣ ልዩ ጊዜ ያስፈልገዋል ተብሎ በሕግ ተወስኗል። እዚህ ግን የክፍሉ ልጅ ሁሉ፣ መምህሩም ጭምር፣ እንግሊዝኛን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ የተማረ ነው፤ ከክፍል ሲወጣም እንግሊዝኛ አያገኘውም። ሁሉም የሚያነክስበት ቦታ አንካሳነት አይታይምና፣ የሁሉም ችግር በመሆኑ የማንም ችግር ሳይሆን ቀርቷል። ልጁ ሲወድቅ የሚሰጠው ስም «ሰነፍ» ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ባቀረቧቸው ጽሑፎች በሁለት ዓይነት የቋንቋ ችሎታ መካከል ልዩነት አድርገዋል። ለጨዋታና ለሰላምታ የሚሆነውን ቋንቋ፣ ቋንቋው በሚነገርበት አገር የሚኖር ልጅ በሁለት ዓመት ገደማ ይይዘዋል። ሳይንስና ሒሳብ የሚማርበትን ቋንቋ ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ቋንቋው በዙሪያው ለሚነገርለት ልጅ ይህን ያህል ካስፈለገ፣ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ለሚሰማው የእኛ ልጅ አንድ ክረምት እንዴት ይበቃዋል?

በናይጄሪያ ኢፌ ከተማ ከ1970 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. በፕሮፌሰር ባብስ ፋፉንዋ መሪነት የተደረገው ሙከራ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ልጆቹ ስድስቱንም ዓመት በዮሩባ ቋንቋቸው ተማሩ፤ እንግሊዝኛን በደንብ በሠለጠነ መምህር እንደ አንድ ትምህርት ወሰዱ። በመጨረሻ በትምህርታቸው በለጡ፤ እንግሊዝኛቸውም ከሌሎቹ አላነሰም። በአገራችንም በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ተጠንቶ በ1999 ዓ.ም የቀረበ ጥናት፣ ስምንቱን ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ምዘና በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል።

ይህንን ለእናቴ ሳነብላት አልተደነቀችም። «ይህ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?» አለችኝ። እሷ ፊደል የቆጠረችው ልጆች ወልዳ፣ በ29 ዓመቷ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ቋንቋዎች ደርሷል። «እኛ በጥቂት ወር ማንበብ የቻልነው የምናውቀውን ቃል ስላነበብን ነው። በማላውቀው ቋንቋ ፊደል ቁጠሪ ብትሉኝ ኖሮ እስከ ዛሬ በጣቴ እፈርም ነበር» አለች።

እንግሊዝኛን የምቃወም የሚመስላችሁ እንዳትኖሩ። ዩኒቨርሲቲው፣ ኮምፒዩተሩ፣ የሥራ ማስታወቂያው እንግሊዝኛ እንደሚጠይቅ በሥራዬ ላይ በየቀኑ አየዋለሁ። ልጄ አጥርታ እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ያልኩት ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ የቤቷን ቋንቋ ማፍረስ አይደለም ነው። ይህም ለአማርኛ ብቻ አይደለም። በጎረቤቴ ቤት ኦሮምኛ፣ ከእሷ ቀጥሎ ባለው ቤት ጉራጊኛ ይነገራል። የእነሱም ልጆች የሆዳቸውን የሚናገሩበት ቋንቋ ያው የእናታቸው ቋንቋ ነው።

እኛ ቤት ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ለሚጠቅማት እናት ልንገር። አንደኛ፣ ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዕለቱን ትምህርት ለአያቷ በአማርኛ ታስረዳለች። እናቴ ካልገባት ደግማ ታስረዳለች። ያልገባትን ነገር ማስረዳት ስለማትችል ክፍተቷ እዚያው ይታወቃል። ሁለተኛ፣ አንድ ደብተር ወስደን ሦስት ቦታ ከፈልነው፤ በአንዱ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በሁለተኛው የአማርኛ ትርጉሙን፣ በሦስተኛው እሷ ራሷ በእንግሊዝኛ የሠራችውን ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። በቀን አምስት ቃል ብቻ። ሦስተኛ፣ የፈተና ትእዛዝ ቃላትን ለብቻ አጠናን። «ዲስክራይብ» ግለጪ፣ «ኮምፔር» አነጻጽሪ፣ «ኤክስፕሌን» ምክንያቱን አስረጂ ማለት መሆኑን ሳታውቅ ስንት ነጥብ እንደጣለች ስናይ ሁለታችንም ገረመን። አራተኛ፣ ማታ ማታ 20 ደቂቃ በእንግሊዝኛ አንድ ቀላል ታሪክ አብረን እናነባለን። ስሳሳት ታርመኛለች፤ ይህም በጣም ያስደስታታል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቤት ብቻ አይፈታም። አያት የሌላት፣ እናቷ እስከ ሌሊት የምትሠራ ልጅስ? ስለዚህ በሰኔ ወር በወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ልቤ እየመታ፣ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። 6ኛ ክፍል ሳሉ፣ ከመሻገራቸው በፊት፣ የሳይንስና የሒሳብ ዋና ዋና ቃላትን በሁለቱም ቋንቋ እንዲለማመዱ፤ በ7ኛ ክፍል ልጆቹ በቡድን በሚያውቁት ቋንቋ ተወያይተው መልሱን በእንግሊዝኛ እንዲያቀርቡ፤ ለመምህራኑም በዕረፍት ጊዜ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ እንዲፈለግላቸው። የሳይንስ መምህሩ ቀድመው አጨበጨቡ። አንዲት እንጀራ የሚሸጡ እናት ተነሥተው «እኔ ልጄ ደደብ ሆነ ብዬ ከትምህርት ላወጣው ነበር» ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ።

በ2017 ዓ.ም ቅዳሜ ጠዋት የሁለት ሰዓት የማጠናከሪያ ትምህርት ተጀመረ። ቀሪዎቹ ጥያቄዎች ግን ከትምህርት ቤቱ አቅም በላይ ናቸው ተብሎ ወደ በላይ ተጽፏል። መልሱን አሁንም እንጠይቃለን። ልጆች ወደ ሌላ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሻገሩ በየትኛውም ክፍል ይሁን ድልድይ ያስፈልጋቸዋል። ድልድዩን መሥራት የትምህርት ፖሊሲ ሥራ እንጂ የ13 ዓመት ልጅ ሥራ አይደለም። ፖሊሲ የሚነድፉ ሁሉ «ከስንተኛ ክፍል ይጀመር?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ልጁን ማን ያሻግረው?» የሚለውንም አብረው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ሚጡ 8ኛ ክፍልን ስትጨርስ ሳይንስ 63፣ ሒሳብ 58 አመጣች። አንደኛ አልወጣችም። የ8ኛ ክፍልን ፈተና ግን አልፋለች። ለእኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መተረክ ጀምራለች፤ አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ ከእንግሊዝኛ እየቀላቀለች፣ አንዳንዴም አያቷን እንግሊዝኛ እያስተማረች። እናቴ «ኦክስጅን»ን ድሮም ታውቅ ነበር፤ አሁን «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ተጨምሮባታል።

እንግዲህ እህቶቼ፣ የልጃችሁ ካርድ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ከመቆጣታችሁ በፊት ያንኑ ትምህርት በቤታችሁ ቋንቋ ጠይቁት። ከመለሰላችሁ ልጃችሁ ሰነፍ አይደለም፤ የሚያሻግረው ሰው የሚፈልግ ልጅ ነው። በዚያው ሳምንት ወደ መምህሩ ሂዱ። የቡናው ቆርቆሮ ደግሞ ለቡና ይሁን።